ወረርሽኝና የዕለት እንጀራ

መደበኛ ያልሆነ ሥራ የምንለው ያለ ውል፣ ያለ ደመወዝና ያለ ጡረታ የሚሠራውን ነው። በሐይቅ ዓሣ የሚቸረችር፣ በአምባሰል ውጫሌ ገበያ ጉሊት የምትዘረጋ፣ በመናኸሪያ ሸክም የሚያወርድ፣ ሁሉም ከዚህ ይመደባሉ።

የኮሮና በሽታ በሀገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የአዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን እንዳያሰናብቱ ከለከለ። መልካም ድንጋጌ ነበር። ይሁን እንጂ ባለ ጉሊቷን የሚያሰናብታት አሠሪ የለም፤ እንጀራዋን የሚያሳጣት የገዢ መቅረት ነው። የሕዝብ ማመላለሻዎች በግማሽ እንዲጭኑ ሲታዘዝም በመንገደኛ የሚተዳደረው ሁሉ ተጎዳ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ በዓለም 1.6 ቢሊዮን ያህል እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ክፉኛ እንደሚጎዱ ገምቶ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ከመሥሪያ ቤት የተሰናበተ ይቆጠራል፤ ገበያ ያጣ ግን በማንም መዝገብ አይሰፍርም። ችግሩን የሚያውቁት ጎረቤቱና ዕድሩ ናቸው። ስለዚህ ዕድራችን ለቀብር እንደሚያዋጣ ሁሉ፣ ገቢው ለተቋረጠበት አባልም አስቀድሞ ጥቂት ያኑር። ያን ጊዜ ከቤት መዋልና መራብ አንድ አይሆኑም።