በሰርቨር መዝገብ ላይ ቀንና ሰዓት በግልጽ ስለ መጻፉ

የንግድ ቤት ሒሳብ በዳታቤዝ በሚያዝበት ጊዜ፥ ሰርቨሩ የሥራውንና የብልሽቱን ሰዓት «ሎግ» በተባለው መዝገብ ይጽፋል። ጽሕፈቱ ግልጽ ካልሆነ፥ ገንዘቡ የተከፈለው ሰርቨሩ ከመቆሙ በፊት ይሁን በኋላ ለመለየት ያስቸግራል፤ በገዢና በሻጭ መካከልም ክርክር ያስነሣል።

ማይ ኤስ ኪው ኤል የተባለው ዳታቤዝ በቀድሞ እትሞቹ ቀኑን «130926» ብሎ ይጽፍ ነበር። ይኸውም ሴፕቴምበር 26 ቀን 2013 ማለት ሲሆን፥ ከቀን የሚጀምር አንባቢ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2026 ሊለው ይችላል። በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ5.7 እትም ወዲህ ግን ዓመቱ በ4 አኀዝ ይቀድማል፤ ወርና ቀን ይከተላሉ።

ከሰዓቱ መጨረሻ «ዜድ» የተባለው የላቲን ፊደል ካለበት፥ ሰዓቱ ዓለም አቀፉ፥ ማለት ዩቲሲ ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚህ በ3 ይቀድማል። ስለዚህ 08:30 የተባለው በአዲስ አበባ 11:30፥ በአገር ልማድ ከረፋዱ 5:30 ነው። ከቀትር በኋላ 8:30 ነው ብሎ የሚያነብ በ3 ሰዓት ይሳሳታል። ሰርቨሩ በአገሩ ሰዓት እንዲጽፍ ከታዘዘ ግን «+03:00» የሚል ምልክት ያክልበታል።

እንግዲህ ነጋዴው ደረሰኙን ከሎጉ ጋር ከማስተያየቱ በፊት፥ ሁለቱ በየትኛው ሰዓት እንደ ተጻፉ አስቀድሞ ባለሙያውን ሊጠይቅ ይገባዋል።