የክረምት ትንበያ ለእህል ነጋዴ፦ በአማኑኤል የሚዘንበው ዝናብ በዋጋ ላይ እንዴት ይነበባል?

ክረምት በገባ ቁጥር ከአማኑኤል እስከ አዲስ አበባ ያለ የእህል ነጋዴና ደላላ አንድ ዓይነት ሒሳብ ሲያሰላ ይሰማል፤ “ዝናቡ ጥሩ ከሆነ ዋጋ ይወርዳል፣ ካጠረ ይወጣል” የሚል ነው። ይህ ሒሳብ ግማሽ እውነት ስለሆነ መጋዘኑን በእሱ ብቻ የሚሞላ ወይም የሚያራግፍ ነጋዴ ካፒታሉን ለአደጋ ያጋልጣል። በዛሬው የገበያ ትምህርታችን የአየር ትንበያን በነጋዴ ዓይን እንዴት ማንበብ እንደሚቻል እናያለን።

“ከመደበኛ በላይ” ሲባል

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት (የቀድሞው ብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ) ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የክረምት ዝናብ የሚተነብየው በሦስት ከፍሎ ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች። ያለፉት ዓመታት ዝናብ በቅደም ተከተል ተደርድሮ ለሦስት እኩል ስለሚከፈል፣ ምንም ምልክት በሌለበት ዓመት የእያንዳንዱ ዕድል 33 በመቶ ያህል ነው።

ለምሳሌ ትንበያው 45፣ 35 እና 20 በመቶ ቢሆን፣ እንዲህ ከተተነበየላቸው 20 ክረምቶች 9ኙ ዝናባቸው ይበዛል፣ 7ቱ መደበኛ ይሆናሉ፣ 4ቱ ደግሞ ያጥራቸዋል ማለት ነው። “ዘንድሮ ዝናብ ይበዛል ተብሏል” ብሎ ያለውን እህል በሙሉ በርካሽ የሚሸጥ ሰው እነዚያን 4 ክረምቶች ረስቷል። ስለዚህ ትንበያው የሚነግረን ከክምችታችን ምን ያህሉን መያዝ፣ ምን ያህሉን መልቀቅ እንደሚሻል ነው።

የአገርና የአካባቢ ዝናብ

የማቻከል ወረዳ ከተማ አማኑኤል ከጮቄ ተራራ በስተደቡብ ምዕራብ ስትገኝ፣ ሞጣ በስተሰሜን፣ ቢቸና በስተደቡብ ምሥራቅ ናቸው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ መሀል ላይ ስለሚገባ አማኑኤል ዘነበ ማለት ሞጣ ዘነበ ማለት አይደለም። በአንድ ከተማ ዝናብ የሦስቱን ገበያ ዋጋ መገመት አያዋጣም።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤልኒኞ ምክንያት የተከሰተው ድርቅ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚያ ሳቢያ የምግብ ዕርዳታ ፈላጊው 10.2 ሚሊዮን መድረሱ በ2008 ዓ.ም. ይፋ ሲደረግ፣ ጉዳቱ የከበደው በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል እንጂ በምዕራብ አማራ አልነበረም። የጎጃም ነጋዴ እንዲህ ባለው ዓመት ከራሱ ሰማይ ይልቅ የወሎንና የአፋርን ሰማይ መከታተል ይበጀዋል። እዚያ የጎደለው እህል ፍላጎት ሆኖ እዚህ ገበያ ይመጣልና።

ብዙ ዝናብ፣ ብዙ ምርት?

መረሬ አፈር ላይ ውኃ ሲተኛ ሰብል ይበሰብሳል። እርጥበት ሲበዛ ስንዴን ዋግ ይመታዋል፤ በ2002/03 ምርት ዘመን ቢጫ ዋግ በአገሪቱ ስንዴ ላይ ከባድ ጉዳት ማድረሱ ይታወሳል።

የዝናቡ ጊዜም ከመጠኑ አያንስም። ጤፍ በሐምሌ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። በ1990 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ያለወቅቱ የጣለው ዝናብ ለመታጨድ የደረሰውን ሰብል አበላሽቷል። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም የሚለውን አባባል ይዞ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ትንበያ መከታተል የሚተው ነጋዴ፣ ለዋጋው ወሳኝ የሆኑት ሳምንታት ያመልጡታል።

እርጥበት ኪሎ ነው

በቆሎ ለረጅም ጊዜ እንዲቀመጥ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። 18 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኩንታል ገዝተው እስከ 13 በመቶ ቢያደርቁት፣ 82 ኩንታሉ ደረቅ ነገር ስለሆነ ለ0.87 ሲካፈል 94 ኩንታል ከ25 ኪሎ ይቀራል። 5 ኩንታል ከ75 ኪሎ ውኃ በእህል ዋጋ ገዝተዋል ማለት ነው። ሳይደርቅ መጋዘን ከገባ ደግሞ ሻጋታው ኪሳራውን ያብሰዋል። በዝናባማ መኸር ዋጋ ስትከራከሩ ይህን 6 በመቶ ገደማ አስቀድማችሁ ቀንሱ።

የዕለቱ አየር

በደጋው የክረምት ዝናብ በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ይዞ ይመጣል፤ ጭነት ከረፋዱ በፊት ቢያልቅ ጆንያው ከመራስ ይድናል። በራዲዮ የሚነገረው የዕለት መጠን ጠዋት 3 ሰዓት የተለካ የ24 ሰዓት ዝናብ ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር 1 ሊትር ውኃ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ሰው በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ መንገድ አይርሳ። ተከታታይ ከባድ ዝናብ ሲጥል የመሬት መንሸራተት ስለሚያሰጋ የመድረሻ ቀን ቃል ሲገባ ተጨማሪ ቀናት መያዝ ይገባል።

በአጭሩ፣ የክረምቱን ትንበያ ለክምችት፣ የየአሥር ቀኑን ለግዥ፣ የዕለቱን ለጭነት ይጠቀሙ። ዋጋን የምንዛሪ ለውጥ፣ የነዳጅ ዋጋና የመንገድ መዘጋትም ያናውጡታልና፣ ዝናብን ብቻ አይቶ የተበደረውን ገንዘብ በሙሉ በአንድ እህል ላይ ማዋል አይመከርም።