ቤተ ክርስቲያን ማን ናት?

የሚነበበው፦ 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11፥ ከቁጥር 17 እስከ 34።

አንባቢ ሆይ፥ በአገራችን ሰው በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲያልፍ ቆሞ ይሳለማል፤ ወደ ውስጥም ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። ይህ አክብሮት ከአባቶቻችን የተቀበልነው መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ደጃፉን የሳመው ሰው በዚያው ደጅ የተቀመጠውን የኔ ቢጤ ልብሱ እንዳይነካው ፈርቶ ሸሽቶት ቢያልፍ፥ ቤተ ክርስቲያንን አከበራት ወይስ ናቃት? ለዚህ መልስ ለመስጠት አስቀድመን እርስዋ ማን እንደ ሆነች ማወቅ ይገባናል።

1. ስለ ስሟ

ቤተ ክርስቲያን ማለት የክርስቲያን ቤት ማለት ነው። ቤት የሚለውም ቃል በመጻሕፍት ልማድ ወገንን ጭምር ያመለክታል፤ ቤተ ያዕቆብ ሲባል ሕዝቡ እንጂ ግንቡ አይታሰብምና። ስለዚህ ሊቃውንት ቤተ ክርስቲያን በሦስት ወገን ትተረጐማለች ብለው ያስተምራሉ፤ አንደኛ ሕንፃው፥ ሁለተኛ የምእመናን ማኅበር፥ ሦስተኛ እያንዳንዱ ክርስቲያን ነው።

አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በጽርዕ ቋንቋ ስሟ ኤክሌሲያ ይባላል። ይህም በጽርዕ ከተሞች ለምክር የሚጠራ የዜጎች ጉባኤ ስም ነበረ፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ለኤፌሶን ከተማ ጉባኤ ተነግሮአል። ነገር ግን በከተማው ጉባኤ ባሪያና ሴት፥ መጻተኛም ድምፅ አልነበራቸውም። በክርስቶስ ጉባኤ ግን ባሪያውም ጌታውም፥ ወንዱም ሴቲቱም በአንድ ጥሪ ተጠሩ። ስሙ አሮጌ ነበረ፥ ማኅበሩ ግን አዲስ ሆነ።

2. በቆሮንቶስ ስለ ሆነው ነገር

ቆሮንቶስን ሮማውያን በ146 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት አፈረሱአት፤ ዩልዮስ ቄሣርም በ44 ዓመት ከልደት በፊት እንደ ገና አቋቋማት። በሁለት ወደቦች መካከል ስለ ነበረች ንግዷ በዛ፥ ባለጠጋውና ድኻውም በአንድነት ይኖሩባት ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ50 ዓመተ ምሕረት ገደማ ወደ እርስዋ መጥቶ ድንኳን እየሰፋ ዓመት ከስድስት ወር አስተማረ።

ያን ጊዜ ክርስቲያኖች ለብቻው የታነጸ ሕንፃ አልነበራቸውም፤ በሰው ቤት ይሰበሰቡ ነበር እንጂ። በሮማውያን ልማድ የተሠራ የግብር አዳራሽ ዘጠኝ ሰው ያህል ብቻ በክብር ያስቀምጣል፤ የቀረው እንግዳ በግቢው ይቆያል። ባለጠጎቹም የራሳቸውን እራት አስቀድመው በሉ፥ ጠጥተውም ሰከሩ፤ ድኾቹ ግን ተራቡ። ይህም የሆነው የጌታን ሞት በሚያስቡበት እራት ላይ ነበር!

3. ስለ ሐዋርያው ተግሣጽ

ቅዱስ ጳውሎስ ይህን ሰምቶ ከኤፌሶን ጻፈላቸው። ጥፋታቸውን የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን መናቅ ብሎ ሰየመው። እነርሱ ግን ያረከሱት መቅደስ፥ የሰበሩት መሠዊያ አልነበረም፤ ምንም የሌላቸውን ወንድሞቻቸውን አሳፈሩ እንጂ። እንግዲህ ድኻውን ያሳፈረ ሰው ቤተ ክርስቲያንን ንቆአል ማለት ነው። በዚያው መልእክት በምዕራፍ 12 ሐዋርያው ማኅበሩን በሰውነት ይመስላታል፤ ደካማ የሚመስለው ብልት የበለጠ የሚያስፈልግ እንደ ሆነም ያስተምራል። ዮሐንስ አፈ ወርቅም በአራተኛው መቶ ዓመት ውስጥ በአንጾኪያ ሲሰብክ፥ መሠዊያውን በሐር እያለበሱ በውጭ የታረዘውን ድኻ መተው እንደማይጠቅም አስተማረ።

4. ስለ አኗኗራችን

ምናልባት አንድ ተማሪ፦ «ቤተ ክርስቲያን ሰው ከሆነች ወደ ጉባኤ መሄድ ምን ያስፈልገኛል? በቤቴ እጸልያለሁ» ይል ይሆናል። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ቆሮንቶሳውያንን ተበተኑ አላላቸውም፤ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ አላቸው እንጂ። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ማንን ይጠብቃል? ከሰውነት የተለየች እጅስ በምን ትኖራለች?

ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፥ ራስህን መርምር። በጉባኤ ስትቀመጥ ቀዳዳ ልብስ ከለበሰው ራቅ ብለህ እንደ ሆነ፥ በሚመጣው እሑድ ከአጠገቡ ተቀመጥ። በቤትህ የምታገለግለው ልጅ አንተን ስታሰናዳ ከጸሎት የምትቀር ከሆነች፥ ሥራዋን ተካፍለህ አብራችሁ ሂዱ። ከገጠር የመጣው ዘመድህ በባልንጀሮችህ ፊት አሳፍሮህ እንደ ሆነ፥ ሄደህ ይቅርታ ለምነው። ደጃፉን መሳለም አትተው፤ ነገር ግን ደጃፉን ተሳልመህ ስትነሣ በአጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ደግሞ ተመልከት፥ እጅህንም ዘርጋለት። እርሱ ቤተ ክርስቲያን ነውና።

የምርመራ ጥያቄ

1ኛ. ቤተ ክርስቲያን በስንት ወገን ትተረጐማለች?
2ኛ. ቆሮንቶሳውያን ሕንፃ ሳይኖራቸው ቤተ ክርስቲያንን የናቁት በምን ነው?
3ኛ. አንተ እስከ ዛሬ ያልጠበቅኸው ወንድም ማን ነው?