ጨረሩ ቀለም አያይም፤ ካሜራው ግን ያያል

ዕድሜውን በጨረር ሕክምና ሙያ አሳልፎ ጡረታ ከወጣ በኋላ ጂጂጋ የተቀመጠ አንድ አዛውንትና፣ ከጉናጋዶ መጥታ ጤና የምታጠና የወንድሙ ልጅ ያደረጉት ምልልስ ነው፤ አጎቷን በሶማሊኛ «አዴር» ትለዋለች።

ጠያቂዋ፦ አዴር፣ ለአክስቴ ለኤዶ ሪፈር ተጻፈላት። ሐረር፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል። ቀዶ ሕክምናው አልፏል፤ ከዚህ በኋላ ጨረር ሊያስፈልግሽ ይችላል ተብላለች። እሷ ሌላውን ሁሉ ትታ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች፤ «የታመመው ግራ ጡቴ ነው፤ ልቤ ደግሞ ከሥሩ ነው፤ ልቤን አይነካውም ወይ?» ትላለች።

አዴር፦ አስተዋይ ናት። የሙያችን ትልቁ ጭንቀት እሱ ነው። ካንሰሩን መግደል ብቻ ቢሆን ጨረሩን አብዝቶ መልቀቅ ይበቃ ነበር። ከባዱ ዙሪያውን ማትረፍ ነው። የጡት ሲሆን ልብና ሳንባ፣ የምግብ ቧንቧ ሲሆን ሕብለ ሰረሰር፣ የማህፀን በር ሲሆን ፊኛና አንጀት።

ጠያቂዋ፦ ስለ ልብ የታወቀ ነገር አለ?

አዴር፦ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በስዊድንና በዴንማርክ ለጡት ካንሰር ጨረር የወሰዱ ከ2,000 በላይ ሴቶችን መዝገብ መርምሮ ነበር። ልብ ላይ የሚያርፈው አማካይ መጠን በአንድ ግሬይ በጨመረ ቁጥር የከባድ የልብ ሕመም ዕድል በ7.4 በመቶ ይጨምራል። ግሬይ ማለት አንድ ኪሎ ሥጋ አንድ ጁል ኃይል ሲወስድ ነው። ለጡት በብዙ አገር የሚሰጠው በ15 ቀን ተከፋፍሎ 40 ግሬይ ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ወደ ልብ የሚያፈተልከውን ሁለት ግሬይ ማስቀረት ብትችዪ ትንሽ ነገር አይምሰልሽ፤ ጉዳቱ ሃያ ዓመት ቆይቶም ሊመጣ ይችላል። ግን ይህን ቁጥር ለእሷ እንዳትነግሪያት። ለአብዛኛዋ ሴት የሕክምናው ጥቅም ከዚህ ስጋት በብዙ ይበልጣል። ቁጥሩ እኛን ባለሙያዎቹን እንዲያስጨንቀን ነው የተቆጠረው።

ጠያቂዋ፦ ልቡ ካለበት የት ይሄዳል ታዲያ?

አዴር፦ ይሄዳል! ደረትሽን ሞልተሽ አየር ስቢ። አየሽ፣ ሳንባ ሲሞላ ልብ ወደ ታችና ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ከጡቱም ይርቃል። ሴቲቱ ትንፋሿን ሃያ ሰከንድ ያህል ትይዛለች፣ ጨረሩ ይለቀቃል፤ ስትተነፍስ ይቆማል። እንደገና ትይዛለች። መድኃኒት የለው፣ ቢላ የለው። ብርሃንና ካሜራ ሥራ የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው። በቂ አየር መሳቧን፣ ትናንት በያዘችው ልክ መያዟን ማን ያውቃል? ጨረሩ ሲለቀቅ ክፍሉ ውስጥ እሷ ብቻዋን ናት፤ እኛ ከወፍራም ግድግዳ ጀርባ ነን። ስለዚህ ከጣሪያው ላይ ካሜራዎች ይንጠለጠላሉ። የብርሃን ነጠብጣብ ደረቷ ላይ ይረጫሉ፣ የቆዳውን ከፍታና ዝቅታ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይለካሉ። ደረቷ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከቦታው ዝቅ ካለ ማሽኑ ራሱ ጨረሩን ይቆርጣል። የሚለካው ተራ ብርሃን ነው፤ እንደ ራጅ ተጨማሪ ጨረር አያስወስድም።

ጠያቂዋ፦ ኤዶ አማርኛም ኦሮምኛም አትሰማም። «ትንፋሽሽን ያዢ» ሲሏት ምን ታደርጋለች?

አዴር፦ ይህን ማንሳትሽ ጥሩ ነው፤ ከካሜራው በፊት መፍትሔ የሚፈልገው ይኸው ነውና። በድምፅ ማጉያው የሚመጣው ትእዛዝ በሶማሊኛ «ኔፍታ ሀይ» ካልሆነ የሚሊዮን ብሩ ዕቃ ዋጋ የለውም። ካልሆነም ድምፅሽን ስልክሽ ላይ ቅጂላት። ባለሙያዎቹ ከፈቀዱ ይጠቀሙበታል።

ጠያቂዋ፦ ሌላም የፈራችው አለ። ደረትሽ ላይ በመርፌ ቀለም እንነቅስሻለን ይላሉ ብለው ነግረዋታል። ንቅሳት ሐራም ነው ትላለች።

አዴር፦ የንቅሳቷን ጉዳይ ሸኹን ትጠይቅ፤ ለሕክምና ሲሆን የተለየ ብይን ሊኖረው ይችላል፤ እኔ ፈትዋ አልሰጥም። የነጥቧን ሥራ ግን ልንገርሽ። ከግድግዳው የሚወጡ ቀጫጭን የሌዘር መስመሮች አሉ። በሽተኛዋ በየቀኑ ስትተኛ መስመሮቹ ነጥቦቹ ላይ ካረፉ ልክ እንደ ትናንትናው ተኝታለች ማለት ነው። ይህም በብርሃን ማየት ነው፤ በእኛም አገር የኖረ። ነጥቧን በእስክሪብቶ የሚያደርጉ አሉ፤ ጣጣው ሲታጠቡ መልቀቁ ነው። ውዱእ ደረትን አያገኘውም፤ ገላዋን ስትታጠብ ግን እንዳትፈትገው። ካሜራ የተተከለበት ቦታ ደግሞ የቆዳውን ቅርጽ ራሱን ስለሚያነብ ንቅሳቱን የተዉ ሆስፒታሎች አሉ። ለእኛ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ጠያቂዋ፦ እንግዲህ ካሜራው የሚያየው ሰውየውን ነው። ጨረሩን ግን ማን ያየዋል? አይታይም አይደል?

አዴር፦ እኛም ለብዙ ዓመት እንደዚያ ስንል ነበር። ጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት-60 ማሽን ነው። ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ ያለው ማዕከል እሱ ብቻ ነበር፤ ከጎዴም ከመተማም ሰው የሚመጣው እዚያው ነበር። የኮባልት ምንጭ ደግሞ በአምስት ዓመት ከሩብ ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል። ያው መጠን እንዲገባ በሽተኛው አልጋው ላይ የሚቆይበት ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ ወረፋውም እንዲሁ። ከዚያ ሊኒየር አክስለሬተር የሚባለው አዲስ ማሽን መጣ፤ አገልግሎቱም ጅማን፣ ሐረርን፣ ጎንደርን፣ ሐዋሳንና መቀሌን እንዲያዳርስ ታቀደ። አዲሱ ማሽን ለቆዳ ይራራል፤ የኮባልት ጨረር ከቆዳ ሥር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ላይ ሲበረታ የዚህኛው አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ገብቶ ነው የሚበረታው። ብቻ ከነገሩ አወጣሽኝ፤ ጨረሩ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1934 ፓቬል ቼሬንኮቭ የሚባል የሶቪየት ወጣት ተመራማሪ ፈሳሽ ላይ የራዲየም ጨረር እያሳረፈ ደብዛዛ ሰማያዊ ብርሃን አየ። ዓይኑ እንዲለምድለት ከአንድ ሰዓት በላይ ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ፍራንክና ታም የተባሉ ሁለት ባልደረቦቹ ምክንያቱን በ1937 በሒሳብ አስረዱ፤ በ1958 ሦስቱም ኖቤል ተሸለሙ።

ጠያቂዋ፦ ምክንያቱ ምንድን ነው?

አዴር፦ ብርሃን በባዶ ጠፈር በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ውኃ ውስጥ ግን ወደ 225,000 ይቀንሳል። ኤሌክትሮን በኃይል ተገፍቶ ውኃ ውስጥ ከዚያ ከቀነሰው ብርሃን ሊቀድም ይችላል፤ ሲቀድም ብርሃን ይረጫል። ወደ ደጋሃቡር የሚበር አይሱዙን አስቢ፤ መኪናውን ባታዪው እንኳ አቧራው የት እንዳለፈ ይነግርሻል። የሰው ሥጋ አብዛኛው ውኃ ነው። ስለዚህ ጨረሩ ያረፈበት ሥጋ ራሱ ያበራል። ራሳቸው ላይ ጨረር የሚወስዱ ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ሰማያዊ ብልጭታ አየን ሲሉን «ሐሳብ ነው» እንላቸው ነበር። አሜሪካ ዳርትማውዝ ኮሌጅ ያሉ ተመራማሪዎች ብርሃኑ እውነትም ዓይን ውስጥ እንደሚፈጠር አሳይተው እ.ኤ.አ. በ2020 አተሙት።

ጠያቂዋ፦ ታዲያ ደረት ላይ ሲሆን ለምን በዓይናችን አናየውም?

አዴር፦ በጣም ደካማ ነዋ። ደግሞ ሰማያዊውን ደም ይውጠዋል፤ ከቆዳ የሚወጣው በአብዛኛው ወደ ቀይ ያደላ ነው። ማሽኑ ጨረሩን የሚለቀው በማያቋርጥ ፍሰት ሳይሆን በሰከንድ መቶዎች ጊዜ፣ እያንዳንዷ ጥቂት ሚሊዮንኛ ሰከንድ በሆነች ምት ነው። ልዩ ካሜራ ዓይኑን ከምቷ ጋር አብሮ ይከፍታል፣ አብሮ ይዘጋል። በመሃል ያለውን የመብራት ብርሃን አይቀበልም። እነዚያው የዳርትማውዝ ሰዎች የመጀመሪያውን ሥዕል ከሰው ላይ ያነሱት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ በ2020 መጨረሻ መሣሪያው የአሜሪካን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ አገኘ። ባለሙያው ከግድግዳው ጀርባ ተቀምጦ ጨረሩ ጡቱ ላይ ሲያርፍ በቴሌቪዥን ያያል። ጨረሩ አገጭ ላይ ከወጣ፣ ክንድ ከነካ፣ ወደ ሌላኛው ጡት ከተሻገረ ያያል። ከ64 በሽተኞች በ6ቱ ላይ እንዲህ ያለ መስተካከል የሚችል ነገር አገኙ። ካሜራው ባይኖር ስድስቱም «በትክክል ታክመዋል» ተብለው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር።

ጠያቂዋ፦ የምግብ ቧንቧስ? በእኛ በኩል እሱ ነው የሚበዛው።

አዴር፦ እዚያ ላይ አታጋንኚው። ብርሃኑ ከቆዳ ሥር ጥቂት ሚሊ ሜትር ካለው ብቻ ነው ወደ ውጭ የሚወጣው። ጨረሩ የገባበትንና የወጣበትን በር ታያለሽ፤ ውስጥ ሕብለ ሰረሰሩ ምን ያህል እንደደረሰው ግን አያሳይሽም። ለእሱ የሲቲ ሥዕልና የፊዚክስ ባለሙያው ስሌት ነው ያለሽ። ለምግብ ቧንቧ እንዲያውም ከጨረሩ በፊት ሻዩን ማቀዝቀዝ ይሻላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሚጠጣ ትኩስ መጠጥ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ብሏል። እኛ ደግሞ ሻሃችንን ከእሳቱ እንደወረደ ነው የምንጠጣው።

ጠያቂዋ፦ ከቆዳ የሚወጣ ብርሃን ከሆነ… የእኛ ቆዳ ጥቁር ነው አዴር።

አዴር፦ እዚህ እንድትደርሺ ነበር የምጠብቀው። ጨረሩ ራሱ ቀለም አያይም። ነጭ ላይም ጥቁር ላይም እኩል ይገባል። ብርሃኑ ግን ሲወጣ በሜላኒን ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ሜላኒን ይውጠዋል። ስለዚህ ኤዶና አንዲት የስዊድን ሴት አንድ ዓይነት መጠን ቢወስዱ፣ በካሜራው ላይ የኤዶ ደብዝዞ ይታያል። ያላወቀ ሰው «አነሰ» ይላል። ከዚያ የከፋው፣ አንገቷ ላይ ያፈተለከች ትንሽ ጨረር ጭራሽ ላትታይ ትችላለች። ያ ካሜራ እንዳያመልጠን በተሠራበት በዚያው ነገር ላይ ይታወራል ማለት ነው።

ጠያቂዋ፦ ይህ ይገመታል ወይስ ታይቷል?

አዴር፦ በምርምር ታይቷል፤ ማረሚያውም እየተሠራ ነው፤ የቆዳውን ቀለም አስቀድሞ ለክቶ ብርሃኑን በዚያ ማካካስ ይቻላል። በሌላ መሣሪያ ደግሞ ትምህርቱን በውድ ከፍለንበታል። ጣት ላይ የሚቆነጠጠውን የኦክስጅን መለኪያ ታውቂው የለ? ካራማራ ሆስፒታልም፣ ሸኽ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታልም፣ ጤና ጣቢያውም ያለው። እሱም በብርሃን ነው የሚሠራው። በኮቪድ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት መሣሪያው የጥቁር በሽተኞችን የኦክስጅን ማነስ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ በበለጠ ጊዜ እንደሚያልፈው አሳየ። ያ ዕቃ ያኔ በዓለም ላይ ለአሥርታት ሲሸጥ ኖሯል። በሰው ዓይንም ያው ነው፤ የሕክምና መጽሐፉ በጨረር የተቃጠለ ቆዳ «ይቀላል» ይላል። የእኛ አይቀላም፤ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ያቃጥላል። መቅላቱን የሚጠብቅ ሐኪም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ጠያቂዋ፦ ስለዚህ ካሜራው ይቅርብን ነው የሚሉት?

አዴር፦ በፍጹም! ይምጣ። ደም ሥሮቻችን እንኳ በዚያ ሥዕል ላይ እንደ ጥቁር መስመር ይታያሉ፤ ነገ ያለ ንቅሳት እነሱን ምልክት አድርጎ መሥራት ይቻላል። የምለው ሲመጣ ታርሞ ይምጣ ነው። አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ በአብዛኛው ነጭ ሴቶች ላይ የተስተካከለ ካሜራ ሐረር ላይ ሲተከል፣ የመጀመሪያው ሥራ የሶማሌን፣ የኦሮሞን፣ የሐረሪን ቆዳ ለክቶ መዝገብ መሥራት መሆን አለበት። ይህ የእኛ ፊዚክስ ባለሙያዎች ሥራ ነው፤ ማንም አይሠራልንም። በሺህ የሚቆጠር የጠቆረ ቆዳ በየዓመቱ የሚያዩት እነሱ ናቸው፤ ዳርትማውዝ ይህ ዕድል የለውም።

ጠያቂዋ፦ ለኤዶስ ምን ልበላት?

አዴር፦ እጇን ከጭንቅላቷ በላይ አድርጋ እንድትተኛ ያደርጓታል፤ ትከሻዋ ካልታዘዘ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተሰጣትን እንቅስቃሴ ከአሁኑ ትሥራ፤ ክንዷ ወደ ጨረሩ እንዳይገባ ነው። ትንፋሽ መያዝን ቤት ውስጥ ትለማመድ። ምልክቷን አታጥፋ። ቆዳዋ ካቃጠላት፣ ባይቀላም ትናገር፤ «ምንም አይታይም» ቢሏትም ደግማ ትናገር። ቀጠሮ እንዳትዘል፤ ከጉናጋዶ ሐረር በየቀኑ መመላለስ አይቻልምና እዚያው የምታድርበትን ዘመድ ከአሁኑ ፈልጉ።

አንቺ ደግሞ ተመርቀሽ ጤና ቢሮ ወይም ሆስፒታል ስትገቢ፣ የመሣሪያ ግዢ ዝርዝር ፊትሽ ይቀርባል። በብርሃን የሚሠራ ማንኛውም ዕቃ፣ የጣት መለኪያም ይሁን የጨረር ካሜራ፣ ጥቁር ቆዳ ላይ የተፈተሸበትን ወረቀት ሳያሳዩሽ አትፈርሚ።