ክሎሪን የገባበት ውሃ፡ ጥቅሙ፣ ጉዳቱና መፍትሔው

  

በአንድ የክረምት ቀን አንዲት እናት ተቅማጥ የያዘው ልጇን አዝላ ኦ.አር.ኤስ. ልትገዛ መድኃኒት ቤት መጣች። «ውሃውን በክሎሪን ታክሚዋለሽ ወይ?» ስላት፣ «እህቴ፣ ካንሰር ያመጣል ሲሉ ሰምቼ ተውኩት» አለችኝ። ወሬው መነሻ አለው። ድምዳሜው ግን ልጆቻችንን ለአደጋ የሚያጋልጥ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ችግሩ ከምን ይመጣል?

ክሎሪን ጀርሞችን ይገድላል። ውሃው ውስጥ የበሰበሰ ቅጠል፣ አልጌና የአፈር ብስባሽ ካለ ግን ከእነርሱ ጋር ተዋሕዶ እንደ ክሎሮፎርም ያሉ ተረፈ ምርቶችን ይፈጥራል። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1974 ይፋ ያደረገው ሆላንዳዊው ኬሚስት ዮሐንስ ሩክ ነው። ክሎሮፎርም በብዛት ሲሰጣቸው በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ካንሰር አስከትሏል። ተረፈ ምርቱ የበዛበትን ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጡ ሰዎችም ለፊኛ ካንሰር ይጋለጡ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ አለ። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ክሎሮፎርም ከ0.3 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ መመሪያ አውጥቷል። ይኸው ድርጅት ግን ተረፈ ምርትን ለመቀነስ ተብሎ ጀርም መግደሉ ፈጽሞ መጓደል እንደሌለበት አጥብቆ ያሳስባል።

የቱ ይከፋል?

ከሁለት ጉዳት አንዱ የግድ ሲሆን ቀላሉን መምረጥ በፊቅህ የታወቀ መርህ ነው። የተረፈ ምርቱ ሥጋት የብዙ ዓመታት ነው። ኮሌራ ግን ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። በነሐሴ 2014 ዓ.ል ባሌ ዞን ውስጥ የተቀሰቀሰው ወረርሽኝ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛምቶ የብዙ ሰው ሕይወት አጥፍቷል። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱንም ጉዳት መቀነስ ይቻላል።

በቤታችን ምን እናድርግ?

1. መጀመሪያ ውሃውን እናጥራው። የደፈረሰ ውሃ ሌሊቱን ተከድኖ ይደር፤ ዝቃጩን ሳንነካ በንጹሕ ወፍራም ነጠላ እናጥልለው። ክሎሪን የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው። ቆሻሻው ሲቀንስ ተረፈ ምርቱም ይቀንሳል።

2. መጠን እንጠብቅ። እንደ ውሃ አጋር ያሉትን በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምረን 30 ደቂቃ እንጠብቅ። «ለጥንቃቄ» ብሎ መደራረብ ሽታውንም ተረፈ ምርቱንም ያበዛል። የልብስ በረኪና መጠኑ ስለሚለያይ በግምት አይጨመር።

3. ሮቶ እናጽዳ። እንደ ለገዳዲና ገፈርሳ ካሉ ግድቦች የሚመጣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይዞ ነው የሚደርሰን። በሮቶው ሥር የተከማቸ ዝቃጭና አልጌ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል።

4. ማፍላት ይጠቅማል። ክሎሮፎርም በ61 ዲግሪ ስለሚፈላ ውሃው ክፍት በሆነ ድስት ሲፈላ አብዛኛው በንኖ ይወጣል። ሁሉም ዓይነት ተረፈ ምርት ግን አይወጣም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ጀርሙ እንዲሞት 3 ደቂቃ ይንተክተክ። የፈላ ውሃ ክሎሪን ስለማይቀርለት እንደገና እንዳይበከል በንጹሕ ዕቃ ይቀመጥ።

5. አቅም ላለው፣ ለውሃ ማጣሪያ ተብሎ የተዘጋጀ ከሰል ያለው ማጣሪያ ክሎሪኑንም ብዙውን ተረፈ ምርትም ይይዛል። ከሰሉ በወቅቱ ካልተቀየረ ግን ራሱ የጀርም መራቢያ ይሆናል። የምድጃ ከሰል አይተካውም።

6. እንክደን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዕቃዎቻችንን እንድንከድንና የውሃ ስልቻ አፍ እንድናስር አዘዋል። ጀሪካናችንም ይከደን፤ እጅ የነካው ጣሳ አይግባበት።

ለዚያች እናት የመከርኳትም ይህንኑ ነው፤ ክሎሪኑን አትተዪ፣ ቀድመሽ ውሃውን አጥሪ። አላህ ልጆቻችንን ከበሽታ ይጠብቅልን፤ አሚን። ወላሁ አዕለም።