ሚዛን የማያየው

በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ ሰዎች የሚገበያዩበት ገንዘብ ማርትሬዛ የሚባለው ጠገራ ብር ነበረ። በላዩ የኦስትሪያ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ተቀርጾበታል። ንግሥቲቱ በፈረንጅ ዘመን አቈጣጠር በ1780 ሞተች፤ ብሩ ግን ከሞተችም በኋላ በዚያው በ1780 ቍጥር ይሠራ ነበር። ስለ ምን ቢሉ፥ ነጋዴው ሁሉ ያንን መልክና ያንን ቍጥር ስለ ለመደ ሌላውን አያምንም ነበር። የአንዱ ብር ክብደት 28 ግራም ያህል ነው። ከስድስት እጅ አምስቱ እጅ ጥሩ ብር ነው፤ አንዱ እጅ ግን መዳብ ነው። ጥሩ ብር ብቻውን ለስላሳ ስለ ሆነ መዳቡ ያጠነክረዋል።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ጠገራው ብር ከገበያ እየጠፋ ሄደ። ከዚያ በፊት ግን ገንዘብም ጌጥም ነበረ። ድሪ ወይም አልቦ፥ ጉትቻ ወይም መስቀል የፈለገ ሰው ብሩን ይዞ ወደ አንጥረኛ ይሄዳል፤ አንጥረኛውም ያንኑ ብር አቅልጦ የተፈለገውን ይሠራለታል።

በዚያ ዘመን በደብረ ብርሃን፥ ብርድ በሚጸናበት ደጋ አገር፥ አንድ አንጥረኛ ነበረ። ወናፉን የምትነፋለት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረችው። እርስዋ ስትነፋ ከሰሉ ይግላል፤ ብሩም በሸክላው ማቅለጫ ውስጥ እንደ ውሃ ይሆናል። አባትዋ በጉጠት አንሥቶ ያፈሰዋል፤ ሲቀዘቅዝም በመስፍ ላይ አድርጎ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ከዚያም ብዙ ቀዳዳ ባለው ብረት ውስጥ፥ ከሰፊው ቀዳዳ ጀምሮ እስከ ጠባቡ ድረስ፥ እየሳበ ያቀጥነዋል። ብር ሲቀጠቀጥና ሲሳብ ይደርቃል፤ ስለዚህ እንዳይሰበር ደጋግሞ በእሳት ያግለዋል። በመጨረሻም እንደ ክር የቀጠነውን ብር እየጠመዘዘ አበባ ያደርገዋል። ሲሠራ በጭኑ ላይ ቁርበት ይዘረጋል፤ ከሞረዱ የሚወርደው የብር ብናኝ በቁርበቱ ላይ ይወድቃል። ማታ ብናኙን በላባ ጠርጎ በትንሽ ቀንድ ውስጥ ያኖረዋል። ይህ ብናኝ የአንጥረኛው አይደለም፤ የባለ ብሩ ነው።

እንዲህ ያለ ብልሃት ያለው ሰው ሊከበር ይገባው ነበር። ነገር ግን ብረትና ብር የሚሠራውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ሸክላ የምትሠራውን ብዙ ሰው ይንቅ ነበር፤ ቡዳ ነው እያለም ይፈራው ነበር። አንጥረኛው የሠራውን መስቀል ባንገቱ አስሮ አንጥረኛውን ይሰድባል፤ ይህ እንዴት ያለ ነገር ነው! ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ። አዋጅ አፍን ይዘጋል፤ ልብን ግን ቶሎ አይለውጥም። ልጂቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሌሎቹ ልጆች እንስራቸውን ከእንስራዋ ያርቁ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ባለጠጋ ሴት ለልጅዋ ሠርግ ድሪ ልታሠራ ስድስት ጠገራ ብር ይዛ መጣች። አንጥረኛው ሚዛኑን አወጣ። በአንድ ወገን የእርስዋን ብር፥ በሌላው ወገን የራሱን ስድስት ብር አኖረ። የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ወቄት ይባል ነበርና በብር መመዘን የተለመደ ነበረ። «እሜቴ፥ ይመልከቱ፤ ስድስት ወቄት ነው። ሥራው ሲያልቅ በዚሁ ሚዛን ይረከቡኛል፤ ብናኙንም እመልሳለሁ» አላት። ሴትዮዋ ግን «የእናንተን ነገር ማን ያምናል?» ብላ ሄደች። ልጂቱ በወናፉ አጠገብ ተቀምጣ ሰማች።

በዚያው ሳምንት ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ወዳጅ በአንጥረኛው ቤት አደረ። ከስልቻውም ነጭ ብረት አወጣና እንዲህ አለው፦ «ይህን እይ፤ መዳብና ኒኬል ዚንክም ተቀላቅሎ የተሠራ ነው። ብር የሚባል አንዲት ፍሬ እንኳ የለበትም፤ ሲወለወል ግን ብር ይመስላል። ከሴትዮዋ ስድስት ብር ሁለቱን ለራስህ አስቀርና በፋንታቸው ይህን ጨምር። ሚዛኑ ስድስት ወቄት ይላል፤ ሚዛን ውስጡን አያይም። ላመነህ ሰው መታመን ደግ ነው፤ ይህች ግን ሰድባሃለች።»

አንጥረኛው ነጩን ብረት ተቀብሎ አገላበጠው። መልኩ በእውነት ያምር ነበር። «እርስዋ የሰደበችኝ በሐሰት ነው፤ ይህን ብጨምር ግን ስድብዋ እውነት ይሆናል» ብሎ መለሰለት።

ልጂቱ በትምህርት ቤት ሹራብ መሥራት ተምራ ነበር። የመንዝ በግ ጠጕሩ ረጅም ነው፤ የአገሩ ሰው ባናና በርኖስ ይሠራበታል። እርስዋም ከዚሁ ጠጕር በእንዝርት እየፈተለች፥ ማታ ማታ በሁለት ረጃጅም መርፌዎች ሹራብ ትሠራ ነበር። ልጆች ሆይ፥ ሹራብ እንደ ሸማ አይደለም። ሸማ ድርና ማግ አለው፤ ሹራብ ግን አንዱ ክር በቀለበት ውስጥ ቀለበት እየሆነ የሚያያዝበት ሥራ ነው። ስለዚህ ሲስቡት ይለጠጣል፤ በቀለበቶቹም መካከል አየር ስለሚታሰር ገላን ያሞቃል። ዳሩ ግን ክሩ በአንድ ስፍራ ከተበጠሰ ቀለበቱ ሁሉ ተከታትሎ ይፈታል።

መጀመሪያ ሥራው ለጨዋታ ያህል ነበር። አንዱን ሹራብ ለአባትዋ ሠራች፤ ጎረቤት አይቶ ወደደውና ሁለተኛውን ገዛት። ለጠጕሩ አንድ አላድ፥ ማለት የብር እኩሌታ፥ ከፍላ ነበር፤ ሹራቡን በሦስት ሩብ ሸጠችው። ሩብ አተረፍሁ ብላ ደስ አላት። አባትዋ ግን «ስንት ማታ ሠራሽው?» ብሎ ጠየቃት። «ከነፈትሉ ሃያ ማታ» አለችው። «ጠጕሩን ቈጠርሽ፤ ራስሽን ግን አልቈጠርሽም። የኩራዙንም ላምባ ረሳሽ» አላት።

ሦስተኛውን ሹራብ አንድ ሲራራ ነጋዴ አዘዛት። ረቡዕ ሲነጋ ሊወስደው፥ ከዚያም ወዲያው መንገዱን ሊጀምር ተቀጣጠሩ። ማክሰኞ ማታ ሥራው አለቀ፤ ልጂቱም በብርሃን ዘርግታ መረመረችው። ከብብቱ አጠገብ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አገኘች። አንድ ማታ እንቅልፍ እያዳፋት ፈትላ ነበርና ያ ክር አልከረረም፤ በዚያ ስፍራ ተበጥሶ ኖሮአል። እስከዚያ ድረስ ፈትቶ በደኅና ክር እንደ ገና ለመሥራት ሦስት ማታ ይፈልጋል። በውስጥ ወገን ቋጥራ ብትሰፋው ግን ማንም አያየውም፤ ሲፈታም ነጋዴው ከአዋሽ ማዶ ነው። መርፌና ክር አነሣች። ከምድጃው ባሻገር አባትዋ ብናኙን በላባ እየጠረገ ወደ ቀንዱ ይጨምር ነበር። ልጂቱ ጥቂት አየችው፤ ከዚያም መርፌውን አስቀምጣ ሹራቡን ትፈታ ጀመር።

ሲነጋ ነጋዴው መጣ። እውነቱን ነገረችው። «ብርድ ሊፈጀኝ ነው! የአንጥረኛ ልጅ ቃል ይህ ነውን?» ብሎ ተቈጥቶ ሄደ። እርስዋም አለቀሰች። በአራተኛው ቀን ሹራቡን ጨርሳ ገበያ ብትወስደው ከሦስት ሩብ በላይ የሚሰጥ አላገኘችም፤ በዚያው ሸጠችው።

ድሪው ባለቀ ጊዜ ባለጠጋዪቱ መጣች። ሚዛኑ ወጣ፤ ድሪው ከስድስት ወቄት ጥቂት ጐደለ። አንጥረኛው በቀንዱ ውስጥ ያለውን ብናኝ በወረቀት ላይ አፍስሶ ከድሪው ጋር አኖረው፤ ሚዛኑም ሊስተካከል ምንም ያህል አልቀረው። ሴትዮዋ ድሪውንና ብናኙን ወሰደች፥ የሥራውንም ዋጋ ከፈለች፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀችም። በሌላው ወር እኅትዋ ብር ይዛ መጣች፤ እርስዋም «ሚዛኑን ተወው» አለች። አንጥረኛው ግን መዘነ።

ሲራራ ነጋዴው ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰ። «ያ ሹራብ ምኑ ነበር የተበላሸው?» ብሎ ጠየቀ። ልጂቱ አስቀምጣው የነበረውን ያልከረረ ክር አምጥታ ሰጠችው። በሁለት ጣቱ ይዞ ሳብ ቢያደርገው ተበጠሰ። ነጋዴው ዝም ብሎ ክሩን አየ፤ ቀጥሎም «አንድ ለእኔ፥ አንድ ለልጄ ሥሪልኝ» አላት።

«እሺ ጋሼ፤ እሠራልዎታለሁ። የአንዱ ዋጋ ግን አንድ ብር ከሩብ ነው» አለችው።

ነጋዴው ዋጋውን ያስቀንስለት እንደ ሆነ ብሎ ወደ አባትዋ ዞረ። አባትዋ ሞረዱን ይዞ በሥራው ላይ እንዳቀረቀረ ነበር፤ ቀናም አላለ።