የተደበቀ ጭንቀትና የእኛ ኃላፊነት



በዚህ ትምህርታችን የተመሳሳይ ፆታ ዝንባሌ ያላቸው ወጣቶች ስለሚደርስባቸው የመንፈስ ጭንቀት እንመለከታለን። ነገሩ በመካከላችን «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ የሚታለፍ ነው፤ ዝምታው ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዝንባሌ እ.ኤ.አ. በ1990 ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል። ታዲያ ወጣቶቹን እንዲህ የሚያስጨንቃቸው ምንድን ነው? በአሜሪካ የሳንፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዶክተር ኬትሊን ራያንና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 25 የሆነ 224 ወጣቶችን ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። በጉርምስናቸው ከቤተሰባቸው ብርቱ መገፋት የደረሰባቸው፣ እምብዛም ካልተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ራሳቸውን ለመግደል የመሞከራቸው ዕድል 8.4 እጥፍ፣ በከባድ ድባቴ የመያዛቸው ዕድል 5.9 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በዚያ አገር ልጆች የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው፤ በእኛም ዘንድ በዝምታ የሚጨነቁ አይጠፉም።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻና ስለ ንጽሕና የምታስተምረውን እንደ ጠበቀች፣ በትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2358 እነዚህን ሰዎች በአክብሮትና በርኅራኄ እንድንቀበል፣ ፍትሕ ከጎደለው አድልዎም እንድንርቅ ታዝዘናለች። የአሜሪካ ካቶሊካውያን ጳጳሳት ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ1997 «ሁልጊዜም ልጆቻችን» በተሰኘ መልእክቱ ወላጆች ልጃቸውን ከፍቅራቸው እንዳያርቁ መክሯል።

እንግዲህ አንድ ወጣት የልቡን ሲያካፍለን አስቀድመን እናዳምጠው፤ ስለ አመነንም እናመስግነው። ምስጢሩን ለጎረቤት አናውራ። በትምህርት ክፍላችን ፌዝና ስድብ ሲሰማ እንገሥጽ። የተቆጣ ወላጅ ልጁን ከቤት ከማስወጣቱ በፊት ደርሰን እናረጋጋው።

ወጣቱ ስለ ሞት የሚናገር ከሆነ ራሱን ለመግደል አስቦ እንደ ሆነ በግልጽ እንጠይቀው፤ መጠየቃችን አሳቡን አይዘራበትም። ያን ጊዜ ምስጢር ከመጠበቅ ሕይወት ማዳን ይቀድማልና ብቻውን ሳንተወው ከሚያምነው ሰው ጋር ወደ ሐኪም እናድርሰው። ጸሎት ያጽናናዋል፤ ሕክምናን ግን አያስቀርም። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል።

ለውይይት፦
1. በሰበካችን አንድ ወጣት ጭንቀቱን ያለ ፍርሃት የሚነግረው ሰው አለን?
2. በቤታችን የምንናገረው ቃል እንዲህ ያለውን ልጅ ያቀርበዋል ወይስ ያርቀዋል?